«ግሪን» ፖርቹጋልኛ ላይ ስንት ቃል ነው? ጥሬ ቡናችን ፎሶሊያ ተብሎ ተላከ

የማናዋ (ጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ፖርቹጋልኛ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ቤተሰቦቼ ማና ውስጥ ቡና ማጠቢያ አላቸው። እኔ ጅማ ከተማ ሄርማታ አካባቢ ካለች አንዲት ክፍል ሆኜ ኢሜይሉንና የናሙናውን ወረቀት እጽፋለሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራው ይበቃል። ፖርቹጋልኛ ግን ጭራሽ አላውቅም ነበር።

የሆነው ይሄ ነው። ፖርቹጋል ውስጥ ቡና እየቆላ የሚሸጥ አንድ ሰው ምን ዓይነት ቡና እንዳለን ጠየቀን። በራሱ ቋንቋ ብመልስለት ደስ ይለዋል ብዬ እንግሊዝኛውን ለስልኬ ሰጠሁት። በንግዱ እንግሊዝኛ ጥሬ ቡና «ግሪን ቢንስ» ነው የሚባለው፣ ላኪውም ቀማሹም እንደዛ ነው የሚለው፣ እኔም እንደዛ ጻፍኩ። ስልኩ «ፌይዣውን ቬርዴ» ብሎ ሰጠኝ። ላክሁት። ሰውየው በማግስቱ በትሕትና መለሰልኝ፤ አመሰግናለሁ፣ እኛ ግን አትክልት አናስመጣም አለ። ፌይዣውን ቬርዴ ለካ ፎሶሊያ ነው! ከለቀማ እስከ ማድረቂያ አልጋ ስንት ሰው የደከመበትን ቡና ፎሶሊያ ብዬ አቀረብኩት። አባቴ «ምን ብለሽ ጻፍሽለት?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ከዛ «ግሪን»ን ለብቻው ስፈልገው ደግሞ ባሰብኝ። አንዱ ቬርዴ ይላል፣ አንዱ ክሩ፣ አንዱ ኢማቱሮ፣ አንዱ ኖቫቶ፣ ሌላው ስለ ኳስ ሜዳ ሣር ያወራል። የቱን ልያዝ?

በጣም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በአንዱ ደብዳቤ ላይ ሁለት ነገር ማለት አለብኝ። የምንሸጠው ጥሬ ቡና ነው፤ የምንለቅመው ደግሞ የቀላውን ብቻ ስለሆነ ጮርቃ የለበትም። እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ግሪን» ይላቸዋል። ግሪን እንሸጣለን፣ ግሪን ግን የለበትም ማለት ነው። አማርኛ ላይ ሁለቱ የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ፖርቹጋልኛስ?

ከጅሬን እስከ ሳንቶስ (ብራዚል)

እህቴ አይዞሽ። እኔም የጅማ ልጅ ነኝ፣ ሳኦ ፓውሎ ግዛት ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ቡና እዚህ አገር የዕለት ወሬ ስለሆነ እነዚህን ቃላት ከገበሬውም ከነጋዴውም አፍ ሰምቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ «ቢን» የሚለውን እናስተካክለው፣ ፎሶሊያውን ያመጣው እሱ ነውና። እንግሊዝኛ የባቄላውንም የቦሎቄውንም የቡናውንም ፍሬ «ቢን» ይላል። ፖርቹጋልኛ አይቀላቅላቸውም። ተቀቅሎ የሚበላው ቦሎቄ ፌይዣውን ነው፣ የቡናው ፍሬ ደግሞ ግራውን። ግራውን የስንዴም የበቆሎም ፍሬ ነው፣ እኛ «ቅንጣት» እንደምንለው። ስለዚህ ስለ ቡና በሚያወራ ደብዳቤ ውስጥ ፌይዣውን የሚል ቃል ካየሽ ወዲያው ሰርዢው። በነገራችን ላይ ብራዚል ውስጥ ፎሶሊያን ብዙው ሰው ቫዤም ነው የሚለው። ሰሜን ምሥራቅ ብትሄጂ ደግሞ ፌይዣውን ቬርዴ ማለት ሳይደርቅ ተፈልፍሎ የሚቀቀል እሸት ጥራጥሬ ነው። አንድ አገር ውስጥ እንኳ እንዲህ ይለያያል።

አሁን ወደ «ግሪን»። ያንቺ ጥሬ ቡና «ካፌ ክሩ» ነው። ክሩ ማለት ጥሬ፣ እሳት ያልነካው ማለት ነው። ጥሬ ሥጋም «ካርኔ ክሩዋ» ነው። ሥጋ በነሱ ቋንቋ ሴት ስለሆነች ክሩ የሚለው መጨረሻው ተለወጠ፣ ቡና ግን ወንድ ነው። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፤ የብራዚል ግብርና ሚኒስቴር በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው የደረጃ ደንብ ላይም ዕቃው የተጠራው «ካፌ ቤኔፊሲያዶ ግራውን ክሩ» ተብሎ ነው፣ ተፈልፍሎ የተዘጋጀ ጥሬ የቡና ፍሬ እንደማለት።

ቬርዴ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ቀለሙ ነው። ሁለተኛው ያልበሰለ ፍሬ ነው፣ አንቺ ጮርቃ ያልሽው። ሁለቱን የሚለዩት በቬርዴ ሳይሆን ከፊቱ ባለው ግስ ነው። «ነው» ለማለት ሁለት ግስ አላቸው። ማንጎውን «ኤ ቬርዴ» ካልሽ ቀለሙ አረንጓዴ ነው ማለትሽ ነው፣ ቢበስልም ያው አረንጓዴ የሆነ ዓይነት ሊሆን ይችላል። «ኢስታ ቬርዴ» ካልሽ ግን አልበሰለም፣ ጠብቂው ማለት ነው። የኛ ሰው «ማንጎው ገና ነው» የሚለው ልክ እሱ ነው። «ገና» የምትለዋ ቃል እኛ ጋ የምትሠራውን ሥራ እነሱ በግስ ይሠሩታል። ይሄን ያስተዋልኩ ቀን ቋንቋው መግባት ጀመረልኝ።

እዚህ አገር የምወዳት አባባል ደግሞ አለች። «ዦጋር ቬርዴ ፓራ ኮልዬር ማዱሮ» ይላሉ፤ ጮርቃውን ወርውሮ የበሰለውን መልቀም። ማዱሮ የበሰለ ማለት ነው። ሰውዬው የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ አስመስሎ ይናገርና ካንቺ አፍ እውነቱን ያወጣል። ማውጣጣት የምንለው ማለት ነው።

አነጋገሩን ደግሞ ልብ በይ። ሲጻፍ ቬርዴ ነው፣ እኛ ጋ ስንናገረው «ቬርጂ» ይሆናል። ፖርቹጋሎቹ መጨረሻውን ውጠው «ቬርድ» ይላሉ። ስልክ ከደወለልሽ ግራ እንዳይገባሽ።

ጊቤ ማዶ

እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ሰውየው መጀመሪያ እንግሊዝኛ ይችል ከነበረ በእንግሊዝኛ ጻፊለትና ይለቅ። ባለቤቱ የማያውቀውን ቋንቋ ይዞ ንግድ ውስጥ መግባት ዋጋ ያስከፍላል።

የማናዋ (ጅማ)

ጊቤ ማዶ፣ ለውሉ እውነትህን ነው፣ ውሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚሆነው። ግን ቡናችን እዛ ደርሶ ከረጢት ላይ ሲለጠፍበት በፖርቹጋልኛ ነው የሚጻፈው። ያኔ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራው ባውቅ ደስ ይለኛል። የተሳሳትኩትንም ራሴ ማረም እፈልጋለሁ።

ከጅሬን እስከ ሳንቶስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። «ገና ነው» ያልከው በደንብ ገባኝ። እንግዲህ ጥሬው ክሩ፣ ጮርቃው ቬርዴ። ልክ ነኝ?

የድሮ ቀማሽ (ጅማ)

ልክ ነሽ ልጄ። እኔ ፖርቹጋልኛ አልናገርም፣ ከብራዚል ቡና ሰዎች ጋር ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቀምሻለሁ። ቬርዴ የምትለዋን ቃል እነሱ ፊታቸውን አኮማትረው ነው የሚጠሯት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ብራዚሎች ጥሬ ቡና ደረጃ ሲያወጡለት 300 ግራም ይመዝኑና እንከኑን ይቆጥራሉ። አንድ ጥቁር ፍሬ አንድ እንከን ነው። አርዲዶ የሚሉት፣ ፈልቶ የኮመጠጠው፣ ሁለት ፍሬ ሲሆን አንድ እንከን ይባላል። ቬርዴው ደግሞ አምስት ሲሆን አንድ ነው። ስለዚህ በነሱ የደረጃ ወረቀት ላይ ቬርዴ የሚል ቃል ካለ የቀለም ስም እንዳይመስልሽ፣ የጥፋት ቆጠራ ነው። ጥሬ ቡናሽን «ቬርዴ» ብለሽ ብትልኪለት፣ ብራዚል ያለ ደረጃ አውጪ ጮርቃ የበዛበት ቡና ነው የሚሉኝ ብሎ ሊጠረጥር ይችላል።

ጮርቃ ቡና እንዴት እንደሚታወቅ ለልጆቹም ንገሪያቸው። ፍሬውን የምትሸፍነው ስስ ልባስ አልላቀቅም ብላ ተጣብቃ ትቀራለች። ሲቆላ አብሮ አይጠቁርም፣ ገርጥቶ ከጓደኞቹ ተለይቶ ይታያል። ሲጠጣ ምላስ ይይዛል። ጥቂት ፍሬ ስኒውን ሙሉ ያበላሻል።

ብራዚል ሜዳው ሰፊ ነው፣ ብዙ ቦታ በማሽን ወይም ቅርንጫፉን በእጅ ሙልጭ አድርገው ነው የሚለቅሙት። የቀላውም ጮርቃውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ቬርዴን መለየት ለነሱ ትልቅ ሥራ ነው። መፈልፈያው ማሽን እንኳ የተሠራው የበሰለው ለስላሳ ስለሆነ ተጨምቆ እንዲወጣ፣ ጮርቃው ደረቅ ስለሆነ ሳይፈለፈል እንዲቀር ነው። እኛ ጋ ለቃሚዋ በዓይኗ ነው የምትለየው። የዛሬዋን ቀይ ትለቅማለች፣ ለቀሪው ተመልሳ ትመጣለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ በደብዳቤሽ ላይ በደንብ ይነገር።

ሌላም ቃል ልጨምርልሽ። እኛ ጀንፈል የምንለውን፣ ከነሽፋኑ የደረቀውን፣ እነሱ «ካፌ ኤም ኮኮ» ይሉታል። ኮኮ ኮኮናት ነው። ደርቆ ከውስጥ ኮሽ ኮሽ ሲል ኮኮናት መስሏቸው ይሆናል ብዬ አስባለሁ፣ ግን ይሄ የኔ ግምት ነው። ቀዩ እሸት ቡና ደግሞ «ሴሬዣ» ነው። እንግሊዝኛው ቼሪ እንደሚለው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኛው «መብሰል» ነው። ሽሮ ምድጃ ላይ ይበስላል፣ ቡና ዛፍ ላይ ይበስላል፣ ሰውም ከዕድሜ ጋር ይበስላል። ስለዚህ አማርኛም ከሌላ በር ይቀላቅላል። «ያልበሰለ ቡና» ብትይኝ በመጀመሪያ የሚመጣልኝ ዛፍ ላይ ያለው ነው፣ ቤት ውስጥ ብትይኝ ግን ጀበናው ገና አልፈላም ወይ እላለሁ። ቋንቋ ሁሉ የሚለይበት ቦታ አለው፣ የሚቀላቅልበትም አለው።

ታጉስ ዳር (ሊዝበን)

ጋሼ ቀማሽ ያሉትን በደስታ ነው ያነበብኩት። ከጅሬን እስከ ሳንቶስ በጻፈው ላይ ግን አንድ ነገር አልስማማም። ጠያቂዋ የምትጽፈው ለፖርቹጋል ሰው ነው፣ እዚህ ደግሞ ጥሬ ቡናን ነጋዴው ሁሉ «ካፌ ቬርዴ» ነው የሚለው። እኔ የምሠራበት አካባቢ ያሉ ትናንሽ ቡና ቤቶች ከረጢታቸው ላይ እንደዛ ይጽፋሉ። «ክሩ» ቢባል ይገባቸዋል፣ ግን የዕለት ቃላቸው አይደለም።

ምክንያቱ ቀላል ይመስለኛል። እዚህ ያለ ሰው በሕይወቱ የቡና ዛፍ አይቶ አያውቅም። ቡና ወደሱ የሚመጣው ደርቆ፣ ተፈልፍሎ፣ በከረጢት ታስሮ ነው። ዛፍ ላይ ያለ ጮርቃ ስለማያይ ቬርዴ የሚለው ቃል አያደናግረውም። ብራዚሉ ግን ሁለቱንም በየቀኑ ስለሚያይ ለጥሬው ሌላ ቃል አስፈለገው። የጅማ ሰውም እንደዛው ነው። «ጥሬ» እና «ጮርቃ» አንድ ቃል ቢሆኑብን ኖሮ ገበያ ላይ ስንጣላ እንውል ነበር።

የጉምሩክ ወረቀቱ ደግሞ ከሁለቱም ያመለጠ ነው። «ካፌ ናውን ቶራዶ» ይላል፣ ያልተቆላ ቡና። እንግሊዝኛውም እዛ ላይ «ግሪን» አይልም፣ ያልተቆላ ነው የሚለው። ቁጥሩ 0901.11 ነው፣ አገሩ ሁሉ የሚጠቀምበት ያው ቁጥር ነው። ስለዚህ እህቴ፣ ጭቅጭቅ የሌለበት ቃል ከፈለግሽ «ናውን ቶራዶ» በይ፤ ሊዝበንም ሳንቶስም አንድ ዓይነት ይረዳሻል።

ቬርዴ ላይ ከተነሳ ዘንድ ስለ ወይኑም ልንገራችሁ። እዚህ ሰሜን ምዕራብ ሚኞ የሚባል ዝናባማ፣ ለምለም አካባቢ አለ። ጅማን ያስታውሰኛል፣ በክረምት ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው። የዛ አካባቢ ወይን «ቪኞ ቬርዴ» ይባላል፣ ክልሉም በ1908 እ.ኤ.አ. በሕግ ተከልሏል። ስሙን የሰማ ሰው አረንጓዴ ወይን ይጠብቃል። ነጭ አለው፣ ቀይ አለው፣ ሮዜም አለው። ቬርዴ የተባለው ሳይከርም የሚጠጣ ለጋ ወይን ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፣ ሌላውን ወይን ደግሞ «ማዱሮ» ይሉታል። ለኛ ሰው ሳስረዳ «ለጋ» ነው የምለው። ለጋ ቅቤ እንደምንለው። አረንጓዴ ወይን ብዬ ብተረጉመው ሰው ይስቅብኛል፣ ጥሬ ወይን ብለው ደግሞ ዘለላው ይመስላል።

እና አንድ ሌላ፣ ለሥጋ ወዳዶች። «ካርኔ ቬርዴ» የሚል አነጋገር አላቸው። ስሰማው ክው ብዬ ነበር፣ አረንጓዴ ሥጋ የተበላሸ ነዋ! ለካ ጨው ያልነካው፣ ያልደረቀ፣ ዛሬ የታረደ ትኩስ ሥጋ ማለት ነው። ቋንጣ ያልሆነው። እዛ ላይ ቬርዴ ከቀለምም ከመብሰልም ወጥቶ «እርጥብ» ወደሚለው ተጠጋ።

ከጅሬን እስከ ሳንቶስ (ብራዚል)

ታጉስ ዳር፣ ትክክል ብለሃል፣ እቀበላለሁ። እንዲያውም እዚህ ብራዚልም የላኪዎቹ ሪፖርት ላይ «ካፌ ቬርዴ» የሚል አምድ አለ፣ ከተቆላውና ከሚሟሟው ለመለየት። እኔ የምሰማው የእርሻውንና የደረጃ አውጪውን አፍ ስለሆነ ያንን ረስቼው ነበር። እንግዲህ ወደብ ላይ ቬርዴ፣ እርሻ ላይ ክሩ ማለት ነው። ቃሉ ከዛፉ በራቀ ቁጥር ይላላል።

«እርጥብ» ያልከውም እውነት ነው። እርጥብ እንጨትን «ሌኛ ቬርዴ» ነው የሚሉት፣ ጭሱ ዓይን የሚያጠፋው። እንግሊዝኛም «ግሪን ውድ» ይላል። እናቴ ከሐሙስ ገበያ እንጨት ስትገዛ ሁለቱን አጋጭታ ድምፁን ትሰማ ነበር። ከደረቀ ቀጭ ይላል፣ እርጥብ ከሆነ ድምፅ የለውም። አንድም ቀን «አረንጓዴ እንጨት» ስትል አልሰማሁም።

መምህርት ከቆጪ (ጅማ)

እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ክፍል ውስጥ ይሄ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። ከእንግሊዝኛው ወገን ልጨምር።

ለምን አንድ ቃል ይሄን ሁሉ እንደተሸከመ ለማወቅ ሥሩን ማየት ይረዳል። እንግሊዝኛ ላይ «ግሪን»፣ «ግሮው» እና «ግራስ» ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወጡ ናቸው። ማለትም ቀለም፣ ማደግና ሣር። ቃሉ ሲወለድ ጀምሮ የቀለም ስም ብቻ አይደለም፣ በማደግ ላይ ያለ ሕያው ነገር ማለት ነው። ይሄን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። እያደገ ያለ ፍሬ አልበሰለም። እያደገ ያለ እንጨት አልደረቀም። ለሥራ አዲስ የሆነ ሰው ገና እያደገ ነው። ያልተቆላ ቡናም ገና የሚሆነውን አልሆነም። ፖርቹጋልኛው ቬርዴ ከላቲን የመጣ ነው፣ የላቲኑም ቃል ልምላሜን ይዞ ነው የመጣው። ለዛ ነው ሁለቱ ብዙ ቦታ አብረው የሚሄዱት።

የሚለያዩበትን ቦታ ማወቅ ነው ጥቅሙ። እንግሊዝኛ መስኩን ራሱን «ግሪን» ይለዋል፣ የመንደር መሰብሰቢያ ሣሩን። ጠያቂዋ ያየችው የኳስ ሜዳ ሣር ከዚህ ነው የመጣው። ፖርቹጋልኛ እዛ ላይ ቬርዴ አይልም፤ ብራዚል «ግራማዶ»፣ ፖርቹጋል «ሬልቫዶ» ነው። ጎመኑን ቆስጣውን እንግሊዝኛ «ግሪንስ» ሲለው እነሱ «ቬርዱራ» ይሉታል፣ ቃሉ ከቬርዴ የወጣ ቢሆንም ራሱን ችሏል። እፅዋት የሚያድግበት የመስታወት ቤት እንግሊዝኛ ላይ «ግሪን ሃውስ» ነው፣ ፖርቹጋልኛ ግን «እስቱፋ» ይለዋል፣ ሙቀቱን ነው ያየው። አየር ንብረት የሚያሞቁትን ጋዞች ስንጠራ እኛ «ሙቀት አማቂ ጋዞች» የሚል ስም እያለን ብዙ ጊዜ «የግሪን ሃውስ ጋዞች» ብለን እንግሊዝኛውን እንሸከማለን፣ እነሱ ግን በእስቱፋ ነው የሚጠሩት። የቀለም ጉዳይ እንዳልሆነ ከስሙ ይገባቸዋል። እኔ በዚህ እቀናባቸዋለሁ።

ቅናት ካነሳን እንግሊዝኛ ቅናተኛን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ፖርቹጋልኛም «ቬርዴ ዴ ኢንቬዣ» ይላል። የኛ ሰው በቅናት ያርራል እንጂ አረንጓዴ አይሆንም። የቀበሮዋንና የወይኑን ተረት ታውቁታላችሁ፣ ዘልላ ያልደረሰችበትን ወይን የናቀችውን። እንግሊዝኛ ላይ ወይኑ ኮምጣጣ ነው ትላለች፣ ፖርቹጋልኛ ላይ ግን «ኢስታውን ቬርዴስ» ነው የምትለው፣ ገና ናቸው። ግሱን ልብ በሉ፣ ከላይ የተባለው የ«ገና» ግስ ነው።

ለአዲስ ሠራተኛ እንግሊዝኛው ግሪን ይላል። ፖርቹጋልኛ ቬርዴም ኖቫቶም ይላል። እኛ ደግሞ ጮርቃም ለጋም ጀማሪም እንላለን፣ ሦስቱም እኩል አይደሉም። ጮርቃ ሲባል ሰውየው ይቀየማል፣ ለጋ ሲባል ይታዘንለታል፣ ጀማሪ ሲባል ይታገሱታል። ጅማ ውስጥ ደግሞ አፋን ኦሮሞ ከአማርኛው ጋር ጎን ለጎን ነው የሚነገረው፤ ተማሪዎቼ መገሪሳ የሚሉት ቀለሙን ነው፣ ጥሬው ግን ዼዺ ነው። መብሰሉንም በአንድ ቃል ነው የሚሉት፣ የምግቡንም የፍሬውንም የሰውንም፣ ልክ ጋሼ ቀማሽ ስለ አማርኛው እንዳሉት። ስለዚህ ተማሪዎቼን የማዛቸው አንድ ነገር ነው። «ግሪን» ስታዩ ወደ መዝገበ ቃላት ከመሮጣችሁ በፊት እናታችሁ ያንን ነገር ምን ብላ እንደምትጠራው ጻፉ። አረንጓዴ፣ ጥሬ፣ ጮርቃ፣ እርጥብ፣ ለጋ፣ ለምለም። ከዛ በኋላ ፖርቹጋልኛም ይሁን ፈረንሳይኛ የሚፈለገው ቃል ጠባብ ስለሚሆን አይጠፋችሁም።

የማናዋ (ጅማ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መምህርት እንዳሉት አደረግሁ። ምጣዱ ላይ ከማድረጓ በፊት ያለውን «ጥሬ» አለችው። ሰፌዱ ላይ ለይታ የጣለቻትን ገርጣጣ ፍሬ «ጮርቃ» አለቻት። ከዛ ጻፍኩት።

«ቬንዴሞስ ካፌ ኤም ግራውን፣ ናውን ቶራዶ። ኮልዬሞስ ሶ ሴሬዣስ ማዱሮ፣ ሴም ግራውንስ ቬርዴስ።»

ለማለት የፈለግሁት፦ ያልተቆላ የቡና ፍሬ እንሸጣለን። የምንለቅመው የበሰለ ቀይ ብቻ ነው፣ ጮርቃ የለበትም። ስህተት ካለው ሳልልከው ንገሩኝ።

ከጅሬን እስከ ሳንቶስ (ብራዚል)

አንዲት ነገር ብቻ። ሴሬዣ ሴት ናት፣ ደግሞም ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ «ማዱራስ» በያቸው። ቬርዴስ እንዳለ ይሁን፣ ቬርዴ ለወንድም ለሴትም አይለወጥም። ቅጽሉን ከስሙ ኋላ ማድረግሽም ልክ ነው፤ እኛና እንግሊዝኛው እናስቀድማለን፣ እነሱ ያስከትላሉ። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው። «ክሩ»ን ያስወጣሽውም ደግ አደረግሽ፣ ታጉስ ዳር የመከረሽ ይሻላል።

የድሮ ቀማሽ (ጅማ)

ልጄ፣ ናሙናውን ከመላክሽ በፊት 300 ግራሟን ራስሽ ዘርግተሽ ልቀሚያት። «ጮርቃ የለበትም» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ አንዲት ከተገኘች ነገሩ የቃል ጉዳይ መሆኑ ይቀራል።

የማናዋ (ጅማ)

እሺ ጋሼ፣ ከአባቴ ጋር ሆነን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተን ለቀምናት። አራት ጮርቃ አገኘን። አውጥተን እንደገና መዘንን።

ደብዳቤውን ማዱራስ ብዬ አርሜ ላክሁት፣ የፎሶሊያውንም ነገር ይቅርታ ጠይቄ አስረዳሁት። ዛሬ ጠዋት መለሰ። የመጀመሪያዋ ቃል «ፔርሴቢ» ነበረች።

ታጉስ ዳር (ሊዝበን)

ፔርሴቢ ማለት ገባኝ ማለት ነው እህቴ። ብራዚል ቢሆን «ኤንቴንዲ» ይልሽ ነበር።

የማናዋ (ጅማ)

ለአባቴ ነገርኩት። ናሙናው ሰኞ ይሄዳል።